በዕዳ ያስነዳሁት በሬ

ጥፋቴን አስቀድሜ ልናገር፤ ምክንያቱ በኋላ ይደርሳል። በ1994 ዓ.ም. የካቲት ወር፣ ምዕራብ ጎጃም ውስጥ በአንድ ወረዳ የልማት ሠራተኛ ሳለሁ፣ ያልኳቸውን ሁሉ የፈጸሙ አንድ ገበሬ የማዳበሪያ ዕዳ አልከፈሉም ተብሎ በሬያቸው እንዲነዳ አድርጌያለሁ። ሰውየው ሰነፍ አልነበሩም። ማዳበሪያውን ቸርችረው አልጠጡበትም፣ ምርጥ ዘሩን ቆልተው አልበሉትም። በዚያ ዓመት በቀበሌው ከፍተኛውን የበቆሎ ምርት ካገኙት አንዱ ነበሩ። ጥፋታቸው፣ ጥፋት ከተባለ፣ እኔን ማመናቸው ነው።

አሁን የምኖረው ካሊፎርኒያ፣ ከሳን ሆሴ ጋር ድንበር በምትጋራው በካምቤል ከተማ ነው። ይህን ታሪክ እዚህ ላሉ ወዳጆቼ ብዙ ጊዜ አውርቻለሁ፤ ግን እስከ ግማሹ ብቻ። ለቅሶ ቤትም ሆነ ማኅበር ላይ ስለ አገር ቤት እርሻ ወሬ ሲነሣ «እሱን ጠይቁት፣ ግብርና ነበር» ይባላል። እኔም ምርቱ እንዴት በእጥፍ ላይ እጥፍ እንደጨመረ እተርካለሁ፤ ሰው ይደነቃል። በሬው ጋ ሳልደርስ ወሬውን አቆማለሁ። ለንስሐ አባቴ ነግሬ፣ የተሰጠኝን ቀኖናም ፈጽሜያለሁ። ነገር ግን በሰው ፊት የተኩራራሁበትን ነገር በጓዳ ብቻ መናዘዝ በቂ ሆኖ አልታየኝም።

የዚያን ዘመን መንፈስ ያላየ ሰው ልክ እንደ ዘመቻ ነበር ብል ይገባዋል። ሳሳካዋ ግሎባል 2000 የተባለው ድርጅት በ1993 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ነበር፤ ከጀርባው የአረንጓዴው አብዮት አባት የሚባሉት ኖርማን ቦርላግና የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ነበሩ። በጥቂት ገበሬዎች ማሳ ላይ የታየው ውጤት መንግሥትን አስደሰተ፤ ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ ነገሩ የአገር ፕሮግራም ሆነ። እኛ ባጭሩ «ፓኬጅ» እንለው ነበር። ለግማሽ ሄክታር፣ በአካባቢው አጠራር ለሁለት ቃዳ፣ ግማሽ ኩንታል ዳፕ፣ ግማሽ ኩንታል ዩሪያ፣ ከዚያም ባኮ ላይ የወጣው ቢኤች 660 የሚባለው የበቆሎ ዘር ይሰጣል። ገበሬው ሩብ ያህሉን በቅድሚያ ይከፍላል፤ ቀሪውን ምርቱ ሲገባ።

እውነቱን ለመናገር ፓኬጁ ሠርቷል። በቆሎው ከሰው ቁመት አልፎ ይወጣ ነበር። በመስክ በዓል ዕለት የወረዳ ኃላፊዎች በማሳው መካከል ሲሄዱ ራሳቸው እንኳ አይታይም፤ ሰልፉን የምናውቀው በአገዳው መንኮሻኮሽ ነበር። እኒያ ገበሬ ሞዴል ተብለው ሬዲዮ ተሸለሙ። ሬዲዮውን ያቀበልኳቸው እኔ ነኝ።

ከበሬው በፊት ግን ሌላ ነገር አለ፤ ሰው ብዙም አይጠይቀኝም፣ እኔም ብዙም አላወራውም። ግብጦ ነው። ጎጃምን የሚያውቅ ግብጦን ያውቃል፦ መሬቱ ደክሞ ሌላ እህል አልቀበል ሲል የሚዘራ፣ መራራ ፍሬ ያለው፤ ተቀቅሎ ለቀናት ወራጅ ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ምሬቱ ከወጣለት በኋላ የሚበላ፤ አረቄም የሚወጣበት። ገበሬዎቹ «ግብጦ መሬት ያሳርፋል» ይሉ ነበር። ገና ከትምህርት ቤት ከወጣ ወጣት ምን ይጠበቃል? የድሃ እህል ነው ብዬ አሾፍኩበት። እኒያም ገበሬ ከማሳቸው አንዱን ጥግ ለግብጦ መተው ይፈልጉ ነበር። «አያ፣ ይቺን ቦታ ለምን በከንቱ ያባክኗታል?» ብዬ በቆሎ አስዘራኋቸው።

አሁን በአማራ ክልል ደጋማና ወይና ደጋ አካባቢ የአፈር አሲዳማነት ትልቅ ጉዳይ ሆኗል፤ ኖራ አቅርቡ፣ ኖራ አከፋፍሉ ይባላል። ያኔ ለመላ አገሪቱ አንድ ዓይነት ምክር ነበር የምንሰጠው፦ በሄክታር አንድ ኩንታል ዳፕ፣ አንድ ኩንታል ዩሪያ። ቀይ አፈር ይሁን ጥቁር፣ ሜዳ ይሁን ተዳፋት፣ የተለየ ቁጥር አልነበረንም። የአገሪቱን አፈር መርምሮ ካርታ የማዘጋጀቱ ሥራ በስፋት የተጀመረው ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። ዩሪያ ሲደጋገም አፈርን አሲዳማ እንደሚያደርግ መጽሐፍ ላይ ነበረ፤ እኔም ተምሬዋለሁ፤ ለፈተና። እንደ ግብጦና ባቄላ ያሉት እህሎች ናይትሮጅንን ከአየር ስበው ለአፈር እንደሚያስቀሩም ተምሬ ነበር። ገበሬው በልምድ የደረሰበትን እኔ በትምህርት አውቄው ነበር ማለት ነው፤ ልዩነታችን እሳቸው ያወቁትን መሥራታቸው ነበር።

ወደ ገንዘቡ ልመለስ። ብድሩን ባንክ ይሰጣል፤ ዋሱ የክልሉ መንግሥት ነው። ገበሬው ካልከፈለ ከክልሉ በጀት ይቆረጣል። ስለዚህ ጫናው ከክልል ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ እኔ ይወርዳል። ከእኔ በታች ያለው ገበሬው ነው። ክረምት ላይ ምክር የምሰጠው እኔ፣ በጋ ላይ መዝገብ ይዤ ዕዳ የምሰበስበው እኔ። ሁለቱን ሥራ ለአንድ ሰው የሰጠ ማን እንደሆነ አላውቅም፤ የሰጠው ግን ገበሬ ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሰው አይመስለኝም። የመክፈያው ጊዜ ደግሞ ምርት እንደገባ ነበር። ያ ማለት የአገሩ ገበሬ ሁሉ በአንድ ወር፣ አንድ ዓይነት እህል ይዞ፣ አንድ ገበያ ይወጣል ማለት ነው። ቆይቶ፣ እስከ ሐምሌ ጠብቆ መሸጥ የሚችለው ነጋዴ ብቻ ነው።

1993 ዓ.ም. የጥጋብ ዓመት ነበር፣ በ1994ም ተደገመ። የበቆሎ ዋጋ ተንኮታኮተ። ቅዳሜ ገበያ ላይ ያየሁት ዛሬም ከዓይኔ አይጠፋም፦ ነጋዴው በተደረደረው ጆንያ መካከል ሲያልፍ ዋጋ እንኳ አይጠይቅም፤ በእግሩ ነካ አድርጎ ያልፋል። ሰዎች በአህያ ያመጡትን ጭነት በአህያ ይዘው ተመለሱ። አንዳንዱ ቆርጦ መሰብሰቡንም ተወው፤ የቀን ሠራተኛ ዋጋ እንኳ የሚያወጣ አልነበረም። ዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን በ2007 እ.ኤ.አ. አሩሻ ላይ ባደረጉት ንግግር በዚያ ወቅት 300 ሺህ ቶን ያህል እህል ማሳ ላይ እንደቀረና ዋጋውም እስከ 80 በመቶ እንደወደቀ ተናግረዋል። ንግግሩን እዚህ አገር ሆኜ ሳዳምጥ፣ ከዚያ ቶን ውስጥ ስንቱን እኔ አዝርቼ ይሆን አልኩ።

ገዢ ሊሆን ይገባ የነበረ መንግሥታዊ ድርጅት አልነበረም ወይ የሚል ይኖራል። ነበር። ነገር ግን እህል ንግድ ድርጅት ዋጋ የማረጋጋት ኃላፊነቱ ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ተነሥቶለት፣ ወደ ውጭ ንግድ እንዲያዘነብል ተደርጎ ነበር። የማዳበሪያ ድጎማም ከ1989 ዓ.ም. በኋላ ቀርቷል። ሁለቱም ውሳኔ በየራሱ ሲታይ ምክንያት አለው፤ ነፃ ገበያ ነው፣ ወጪ መቀነስ ነው። ደርግ ገበሬውን በኮታ አስገድዶ፣ በወረደ ዋጋ እህሉን ሲወስድበት ስለነበር፣ መንግሥት ከእህል ገበያ እጁን ማውጣቱን ሁላችንም ደግፈን ነበር። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን፣ ምርት ጨምር የሚል መንግሥት አለ፣ ምርቱ ሲጨምር የሚገኝ መንግሥት የለም።

ወረዳው ጨርሶ ዓይኑን አልጨፈነም ነበር፤ ይህን መደበቅ አልችልም። ዕዳቸው ለሚቀጥለው ዓመት ሊራዘምላቸው የሚገባ ሰዎችን ከየቀበሌው ጠቁሙ ተብለን ነበር። ዝርዝሩን የምጽፈው እኔ ነኝ። እኒያን ገበሬ አልጻፍኳቸውም። ለምን? ሞዴል ናቸዋ። በመስክ በዓል ሬዲዮ የተሸለመ ሰው ከስድስት ወር በኋላ ዕዳ መክፈል አቃተው ብሎ ሪፖርት ማድረግ የእኔን ሥራ ከንቱ ያደርገዋል። ደግሞም የመሰብሰቢያው ሪፖርት መቶ በመቶ ከሞላ ለትምህርት የሚላኩ ሰዎች ዝርዝር ላይ ስሜ እንደሚገባ ተነግሮኝ ነበር። ስለዚህ አንዱን ዝርዝር ስጽፍ የምጠብቀው ሌላ ዝርዝር ነበረኝ።

ማለዳ ሄድን፤ የቀበሌው ሊቀመንበር፣ ሁለት ሚሊሻዎችና እኔ። ለበቆሎ መሬት መክፈት የሚጀመርበት ሰሞን ስለነበር ሰውየው ማሳ ላይ ናቸው። እኛን ሲያዩ ገባቸው። ሚሊሻው ሊፈታ ጠጋ ሲል «ተው፣ አንተን አያውቅህም» ብለው ራሳቸው ቀንበሩን ፈቱና በሬውን ያዙልን። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ልጄ፣ ያልከኝን አድርጌ ነበር እኮ» አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ እንዲያው አንድ ያልገባቸውን ነገር እንዳስረዳቸው የሚጠይቁ ነበር የሚመስለው። «አያ፣ ገበያው የእኔ ሥራ አይደለም» አልኳቸው።

ከዚህ ዓረፍተ ነገር ጋር ከሃያ ዓመት በላይ ኖሬያለሁ። የሚያንገበግበኝ ውሸት ስላልሆነ ነው። በሥራ ዝርዝሬ ላይ ገበያ የሚል ቃል አልነበረም። ከእኔ በላይ ባለው፣ ከዚያም በላይ ባለው ሰው የሥራ ዝርዝር ላይም የነበረ አይመስለኝም። በሬው ገበያ ወጥቶ በርካሽ ተሸጠ፤ ከብቱን ለዕዳ የሚሸጠው ብዙ ስለነበር የከብትም ዋጋ ወርዶ ነበር። እሳቸው ከዚያ ወዲያ በመቀናጆ አረሱ። ማዳበሪያ አልወሰዱም፤ እኔም ደፍሬ አልጠየቅኳቸውም። በዚያ ክረምት እንደሳቸው ከማዳበሪያና ከበቆሎ የሸሸው ብዙ ነው። ዝናቡም በብዙ የአገሪቱ ክፍል ከዳ። ጥቂት ወራት ሳይቆይ 14 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ለረሃብ ተጋልጧል የሚል ጥሪ ለዓለም ቀረበ። በጥር በእህል ብዛት ዋጋ የወደቀባት አገር፣ ዓመት ሳይሞላ እህል ለመነች። እኔ ግን መቶ በመቶ ሰብስቤ ስለነበር ለትምህርት ተላክሁ።

አሜሪካ ከገባሁ በኋላ ይህን ሁሉ ልረሳው እችል ነበር፤ እንዳልረሳው ያደረገኝ ሥራዬ ነው። አረጋውያንን በየቤታቸው እንከባከባለሁ። ካምቤል አሁን የመኪናና የኮምፒዩተር ከተማ ትመስላለች እንጂ የቆመችው በፍራፍሬ ማሳ ላይ ነው፤ ዛሬም ራሷን የምትጠራው የፍራፍሬ ከተማ ብላ ነው። ሸለቆው በሙሉ የአፕሪኮትና ፕሩን የሚሉት የደረቀ ፕሪም አገር ነበር። ትልቁ የገበያ ማዕከል ፕሩንያርድ የተባለው በዚህ ነው፤ የፕሩን ዛፍ በነበረበት ላይ ነው የተሠራው። ገበሬዎቹ የገዢ ነጋዴዎችን ዋጋ መቋቋም ሲያቅታቸው በ1917 እ.ኤ.አ. በአንድ ኅብረት ሥራ ማኅበር ተሰባስበው ፍሬያቸውን በጋራ መሸጥ ጀመሩ፤ ዛሬ ሰንስዊት በሚል ስም የሚታወቀው ማለት ነው። እሁድ እሁድ በካምቤል ጎዳና ላይ የገበሬዎች ገበያ ይቆማል፤ ሻጮቹ ከሩቅ ነው የሚመጡት፣ እዚህ ማሳ የሚባል የለምና።

ከምንከባከባቸው ሰዎች አንዱ፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ በአዮዋ የበቆሎ ገበሬ ልጅ ነበሩ። አንድ ቀን በቆሎ እየጠበስኩ ሳለ ወሬ ተነሣና፣ ዋጋ ሲወድቅ አባታቸው ምን ያደርጉ እንደነበር ጠየቅኋቸው። ቀላል ነገር እንደጠየቅኋቸው ሆነው ነገሩኝ። ገበሬው ምርቱን ጎተራ ያስገባና እህሉን አስይዞ ከመንግሥት ይበደራል። ዋጋ ከወጣ ሸጦ ብድሩን ይከፍላል፤ ዋጋ ከብድሩ ልክ በታች ከወረደ ደግሞ እህሉን ለመንግሥት ያስረክባል፣ ዕዳው በዚያው ያልቃል። «ትራክተሩንስ?» አልኳቸው። «ትራክተሩን ምን አገባው?» አሉኝ። ይህ አሠራር ከ1933 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ከታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ ዘመን አንሥቶ ያለ ነው። እዚህ ዋጋ ሲወድቅ መያዣው እህሉ ነው፤ እኛ ጋ መያዣው በሬው ነበር።

ዓመቶቹን ሳመሳክር ደግሞ የባሰ ነገር አገኘሁ። ፕሬዚዳንት ቡሽ አዲሱን የእርሻ ሕግ የፈረሙት ግንቦት 5 ቀን 1994 ዓ.ም. ነው፤ ዋጋ ሲወድቅ ለገበሬው ማካካሻ የሚከፍል አንቀጽ ነበረበት። በዚያው ሰሞን የካሊፎርኒያ ፕሩን ከገበያው በላይ ሆኖ ዋጋ ስለወደቀ፣ የአሜሪካ መንግሥት ዛፉን ለሚነቅል ገበሬ በአንድ ዛፍ 8 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይከፍል ነበር። በዛ ብሎ ያመረተን አንዱ አገር ሲክሰው፣ እኔ ደግሞ በዛ ብሎ ያመረተን በሬውን ነዳሁበት፤ በአንድ ዓመት ውስጥ።

አሜሪካን ለማወደስ አይደለም። የዚህ አገር የእርሻ ገንዘብ አብዛኛው የሚሄደው ወደ ትልልቆቹ ነው፤ ከሳሊናስ ሰላጣ የሚለቅሙት ሠራተኞች ድርሻቸው ፀሐይ ነው። የእርዳታው ነገርም ራሱን የቻለ ኑዛዜ ይፈልጋል፣ የሚናዘዘው ግን እኔ አይደለሁም። ከ1954 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ በኋላም ለሰላም ምግብ በሚል ስም፣ ሲላክ የቆየው እህል ከአሜሪካ ገበሬ የሚገዛ ሲሆን፣ በዚያ ጊዜ ሕጉ ሦስት አራተኛው በአሜሪካ መርከብ እንዲጫን ያስገድድ ነበር። በ1995 ዓ.ም. ሐረርጌና አፋር ላይ ለተራበው የተሰጠው ስንዴ ውቅያኖስ አቋርጦ የመጣው፣ የጎጃምና የወለጋ በቆሎ ገዢ ባጣ በዓመቱ ነው። ገበሬውን የሚጠብቅ ሕግ መኖሩ አንድ ነገር ነው፤ የሚጠብቀው የማንን ገበሬ ነው የሚለው ሌላ።

አገር ቤት ከዚያ ጥፋት የተማረ የለም አልልም። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሚያዝያ ሲከፈት ዋነኛ መነሻው ይኸው የበቆሎ ውድቀት ነበር። ነገር ግን ብዙም ሳይቆይ ቡናና ሰሊጥ ወረሱት፤ የውጭ ምንዛሪ የሚያመጡት እነሱ ናቸዋ። ለበቆሎ ገበሬ ተብሎ የተጠራው ድግስ ላይ የበቆሎው ገበሬ ደጅ ቀረ። በ2015 ዓ.ም. ሰኔ ደግሞ የአማራ ገበሬዎች ማዳበሪያ አጣን ብለው ባሕር ዳር ድረስ ወጥተው ሲጮኹ በስልኬ አየሁ። በእኔ ዘመን ውሰዱ እያልን ስናስገድድ ነበር፤ አሁን ስጡን እያሉ ይለምናሉ። ሁለቱንም ጊዜ ውሳኔው የእነሱ አልነበረም።

የበሬውን ዋጋ መልሻለሁ። በሰው በኩል አስጠይቄ ሰውየው ማረፋቸውን ስሰማ፣ ዛሬ አንድ በሬ የሚያወጣውን ገንዘብ ለልጃቸው ላክሁ። ልጁ ተቀበለና «ይህ የምንድን ነው?» ብሎ አስጠየቀኝ። አባቱ ስለ በሬው አንድም ቀን ነግረውት አያውቁም። ጽፌ ነገርኩት። እስካሁን አልመለሰልኝም፤ መመለስም የለበትም። ገንዘቡ ዕዳዬን ዘግቶታል ብዬ ደግሞ አላስብም፤ ዕዳው የበሬ ዋጋ ብቻ ቢሆን ኖሮ ያኔውኑ ይቀል ነበር።

በዚያ ዘመን አብራችሁኝ መዝገብ የያዛችሁ፣ ዛሬ በኦክላንድም፣ በዋሽንግተንም፣ በአዲስ አበባም ያላችሁ፦ ማራዘሚያ ሲገባቸው የዘለላችኋቸውን ሰዎች በስም ታውቃላችሁ። በሕይወት ካሉ ይቅርታ ጠይቋቸው፤ ካለፉም ለልጆቻቸው ንገሩ። ፖሊሲ የምትጽፉ ደግሞ፣ መካሪውንና ዕዳ ሰብሳቢውን አንድ ሰው አታድርጉት፤ የመክፈያውን ወር ከጥርና ከየካቲት አውጡት፤ ብድሩ በጎተራ ባለው እህል እንጂ በቀንበር ባለው በሬ አይያዝ። አሁን በየቀበሌው ያላችሁ ወጣት ባለሙያዎች፣ ዕዳ ሰብስቡ የሚል ትእዛዝ ሲደርሳችሁ በሪፖርታችሁ አናት ላይ፣ ከተሰበሰበው ገንዘብ መጠን በፊት፣ የዚያን ሳምንት የገበያ ዋጋ ጻፉ።